አባባ ሳይመነኩሱ የቀሩበት ደሴት

አያቴን ከምንኩስና ያዳንኳቸው እኔ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ እናቴ ራሷ እስካሁን ትስቅብኛለች። ቢሆንም በስምንት ዓመቴ ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ፣ ጣናን በጀልባ ተሻግሬ፣ ሸምበቆ ደሴት ድረስ ዘልቄ አባባን ከመነኮሳት እጅ ፈልቅቄ ያመጣኋቸው እኔ መሆኔን የዚያ ዓመት ፋሲካ እስኪያልፍ ድረስ ቅንጣት ታህል አልተጠራጠርኩም። ዛሬ ቡሬ ላይ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋዋን ለብሼ "ከምግብ በኋላ ይውሰዱት" የምል ቁም ነገረኛ ሴት ሆኛለሁ። ያኔ ግን "ነገረኛዋ ፍሬሕይወት" ነበር የምባለው፤ ስሙም በከንቱ አልወጣልኝም።

አባባ እንግዳው የእናቴ አባት ናቸው። ሴት አያቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ተብሎ እኛ እሳቸው ቤት ገባን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የማያልቅባቸው ሰው ነበሩ። ጺማቸውን ሲላጩ ይዘፍናሉ፤ ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ብቻ ዝም ይሉና ልክ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። የቤታችን ሁለት ባለጌዎች እኔና እሳቸው ነበርን። እማዬ እኔን ስትቆጣ እሳቸው ከኋላዋ ሆነው ፊታቸውን ያጣምማሉ፤ ሳቄን መቆጣጠር ሲያቅተኝ ቁጣው በእጥፍ ይወርድብኛል። እናም እኚህን ሰው ሊወስዱብኝ ነበር።

እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ማስረጃ ነበረኝ። ከአጥራችን ማዶ አቶ ሃይለ ሚካኤል የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። አንድ ሰሞን ቤታቸው ቄስ ተመላለሰ። ቀጥሎ ነጭ ልብስ ተገዛላቸው። ቀጥሎ "ጣና ደሴት ሊሳለሙ ነው" ተባለ። ሄዱ፤ ሳይመለሱ ከረሙና አንድ ቀን ቆብ አድርገው፣ ዓይናቸውን መሬት መሬት እያሳዩ ለልጃቸው ለቅሶ መጡ። የልጅ ልጃቸው ኢትዮጵያ ጓደኛዬ ነበረች፤ ሮጣ ልትጠመጠምባቸው ስትል እጃቸውን ብቻ ዘረጉላት። ኢትዮጵያ ያን ቀን እኛ አጥር ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ፣ ቄስና ደሴት አንድ ላይ ከተገናኙ ውጤቱ ምን እንደሚሆን አውቄያለሁ።

ታዲያ በዚያ ጥር ወር መሪጌታ ዘሚካኤል እኛ ቤት መመላለስ ጀመሩ። መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የሚፈሩ፣ የሚከበሩ፣ ሲያስሉ እንኳ ሰው ቀና ብሎ የሚያያቸው። እኔ ስገባ ጨዋታው ይቋረጣል። ደጅ ቆሜ ስሰማ ደግሞ የሚወጣው ወሬ ሁሉ አጥንት የሚሰብር ነው።

"ሰውነት ደክሞ፣ ጉልበት ካለቀ ወዲያ ምን ይረባል? ጊዜው አሁን ነው" ይላሉ መሪጌታ።

"ልጄ እሽ ብላለች" ይላሉ አባባ። "የቀረው የደሴቱ ሰዎች ናቸው።"

"እነሱም ቢሆኑ ሰው ነው የሚመርጡ። አንቱ ብቻ አፍዎን ይሰብስቡ።"

ልጄ እሽ ብላለች! እማዬ ለካ አባቷን ለመስጠት ተስማምታለች። ወዲያው አዲስ ነጭ ጋቢ ተገዛ። ማስረጃው ሞላ። ወጥ ቤት ገብቼ እማዬን ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

"አባባ የት ነው የሚሄዱት?"

"ደሴት። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አሁን ስጠይቃት "ሳቄ አምልጦኝ ነው እንጂ፤ ላንቺ እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ በማግስቱ ፍኖተ ሰላም በሙሉ ይሰማው ነበር" ትለኛለች። እዚህ ላይ እውነቷን ነው።

እኔም ከአባባ ጋር ካልሄድኩ ብዬ ምግብ ተውኩ፤ ማለቴ ሰው ሲያይ ተውኩ። ለቅሶዬ ለጎረቤት ሲተርፍ እማዬ እጇን ሰጠች። አባባ ግን ሐሳቡን ወደዱት።

"ትምጣ" አሉ። "የልጅ ልጁን እየጎተተ የሚሄድ ሽማግሌ ማን ልብ ይለዋል?"

መሪጌታ ግን ተቆጡ። "አንቱ ራስዎ መምጣትዎ ነው ነውሩ። በየት አገር ነው ባለጉዳዩ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተጭኖ የሚሄድ?"

"ወደቡን ላየው ብዬ ነው። ከሩቅ እቀመጣለሁ።"

"አፍዎስ?"

"አፌም ከእኔ ጋር ከሩቅ ይቀመጣል።"

የተጓዝነው በጋሼ ጌታሁን ፒካፕ ነበር። ጋሼ ጌታሁን የአባባ ወዳጅ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ሐይቁ ዳር እየሄዱ እህል ይገዛሉ፤ የደሴቱን ወሬ ለአባባ ያመጡላቸውም እሳቸው ናቸው። ቡሬን አለፍን፤ ዳንግላን አለፍን፤ ዱርቤቴ ላይ የገበያ ቀን ሆኖ መንገዱን በግ ሞልቶት ቆመን ቀረን። እዚያ ቆመን መሪጌታ አባባን ያስጠኗቸው ጀመር።

"ጾሙን እናገራለሁ። ጸሎቱን እናገራለሁ። ዝምተኛነቱን እናገራለሁ።"

"የማንን?" አሉ ጋሼ ጌታሁን መሪያቸውን እንደያዙ።

"የእንግዳውን ነዋ!"

ጋሼ ጌታሁን ጥሩንባውን ያለ ምክንያት ነፉት። በጎቹ ደነገጡ። አባባ አዲሱን ጋቢያቸውን አፋቸው ድረስ ሳቡት። "ትንሽ ደህና ደህናውን ሌላም ነገር ጨምሩልኝ እንጂ የኔታ" አሉ። "ጨዋታ አዋቂ ነው በሉ፤ ሰው ያስቃል በሉ።"

"ኧረ ቧ! የካህን ቤት ነው የምንሄድ! ባልዮው ቄስ ነበሩ። የእርስዎን ቀልድ እዚያ ካወራሁማ ውሻ ነው የሚለቁብን።"

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ጆሮዬን አቁሜያለሁ። "የካህን ቤት" የምትለዋን ብቻ ለቅሜ አስቀመጥኩ። ሌላውን ማን ይሰማዋል?

ከዱርቤቴ በጠጠር መንገድ ወደ ቁንዝላ ወረድን። እዚያ አንድ ስማቸውን የማላስታውሰው፣ ባርኔጣቸውን ግን የማልረሳው ሽማግሌ ተቀላቀሉንና የሞተር ጀልባ ተሳፈርን። ውኃው ሰፊ ነው። ነጫጭ ወፎች እንደ ተሰጣ ልብስ ውኃው ላይ ተበትነዋል። እኔ ጉማሬ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ቆየሁና ዞር ስል ከጉማሬም የባሰ ነገር አየሁ፤ አባባ ዝም ብለዋል። ከቁንዝላ ወደብ ተነስተን ደሴቱ እስኪታይ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሰውዬው ገና ሳይመነኩሱ መለማመድ ጀምረዋል አልኩ።

"አባባ፣ ተረት ይንገሩኝ።"

"ኋላ" አሉኝ። ኋላ! በሕይወታቸው ተረት ኋላ ብለው አያውቁም።

ስለ ሸምበቆ ወደብ አባባ ቤት ውስጥ ሲያወሩ ብትሰሙ ኖሮ አንድ ትልቅ ከተማ ነበር የምትጠብቁት። የድንጋይ መጋዘን አለ፤ ቡናና እህል የጫኑ ጀልባዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሻይ ቤቱ ራዲዮ አለው፤ ልብስ ሰፊው ከጎንደር ነው የመጣ። አባባ በወጣትነታቸው እዚያ መጋዘን የሚዛን ሠራተኛ ነበሩ። ስንወርድ ያየሁት ግን ጣሪያው የረገፈ ረጅም ግንብ፣ ውስጡ በለስ የበቀለበት፣ በሩ ላይ ፊደሉ የለቀቀ ሰሌዳ፣ ደረጃው ላይ የተኛች ፍየል ነው። የታሸጉ ሱቆች ተደርድረዋል፤ ክፍት የሆነው አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም ሳሙናና ባትሪ ይሸጣል። ባለሱቁ ራሱ ተኝቶ ነበር።

አባባ ግን የሚታያቸው ሌላ ነው። "ሻይ ቤቱ!" አሉ ወደ ሳማ እያመለከቱ። "ልብስ ሰፊው!" አሉ ወደ አንድ ጉቶ። ባዶውን ቦታ እየዞሩ እጅ ሊነሱት ትንሽ ነው የቀራቸው። እኔ ይህን ሁሉ ሳይ ሐሳቤ አንድ ነው፤ ሰው እዚህ ቢቀር ማንም አይሰማውም።

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ መሪጌታን አስቀድመው ዳገቱን ወጡ። እኔና አባባ ከመጋዘኑ በታች፣ ጀልባ ይታሰርበት በነበረው የብረት ምሰሶ አጠገብ ተቀመጥን። አባባ ድንጋዩን በመዳፋቸው ይዳስሱታል።

"እዚህ ጋ ቆማ ነበር" አሉ ለራሳቸው።

"ማን?"

አየት አደረጉኝ። "ጀልባዋ።"

"ለምን ሄዱ ከዚህ?"

"ማዶ መንገድ ተሠራ። መኪና ሲመጣ የጀልባው ሥራ ቀረ። እኛም ጠቅልላችሁ ውጡ ተባልን።"

"ሰዉን ተሰናበቱ?"

"ሁሉንም። አንድ ሰው ሲቀር።"

"ለምን?"

"አፌ አልታዘዝ አለኝ።"

በሳቅ ሞትኩ። የአባባ አፍ አልታዘዝ አለ! ከዚህ የበለጠ ውሸት ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን አልሳቁም። ትከሻዬን ያዙኝ።

"ፍሬ፣ አንድ ነገር ልላክሽ። ቀስ ብለሽ ሽቅብ ውጪና ሽማግሌዎቹን እያቸው። ቆመው እንደሆነ ወይም ተቀምጠው እንደሆነ ብቻ ነው የምትነግሪኝ።"

"ቢቀመጡስ?"

"ከተቀመጡ ሮጠሽ ነይ። ከቆሙ…" አፋቸውን ጠረጉ። "ከቆሙ ቀስ ብለሽ ነይ። አትሩጪ፤ ትወድቂያለሽ።"

የአገራችን ልጅ ሁሉ ሲያድግ የሚያውቀውን ነገር እኔ ያኔ አላውቅም ነበር። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የተላከ ሽማግሌ ወንበር ቢዘረጋለትም፣ ምንጣፍ ቢነጠፍለትም አይቀመጥም። "ጉዳይ አለን" ብሎ ይቆማል፤ የሚቀመጠው ነገሩ ወደ እሽታ ሲያዘነብል ነው። እኔ ግን እንዲህ ተረዳሁት፤ ከተቀመጡ ገዳሙ አባባን ተቀብሏል፣ ከቆሙ አልተቀበለም። ስለዚህ እንዳይቀመጡ ማድረግ አለብኝ። ዳገቱን የወጣሁት በዚህ ዓላማ ነው።

ቤቱ ከማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥር ነው፤ ግቢው ቡናና ሎሚ ለብሷል። ጫፉ ላይ የእንጨት ክምር አለ። ከክምሩ ኋላ ተንፏቅቄ ልደበቅ ስል ቦታው ተይዟል። አንዲት ነጭ በነጭ የለበሱ፣ ሻሻቸውን ጥብቅ አድርገው ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ ቁጢጥ ብለው በእንጨቶቹ መካከል ያያሉ። ተያየን። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት እሳቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ነጭ ልብሳቸውን አይቼ መነኩሴ ናቸው አልኩ። መነኩሴም ተደብቆ ወሬ እንደሚሰማ ያን ቀን ተማርኩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ግቢው መሃል ፀሐይ ላይ ተገትረዋል። አጠገባቸው ሦስት በርጩማ ባዶውን ተቀምጧል። ፊት ለፊታቸው እንድሪያስ የሚባል፣ የደሴቱ ትምህርት ቤት መምህር የሆነ ቆፍጣና ሰው ቆሟል።

"አባቶች፣ ተቀመጡ እንጂ።"

"አንቀመጥም፤ ጉዳይ አለን" አሉ መሪጌታ። ከዚያ ድምፃቸውን አስተካከሉ። "ልጃችን እንግዳው ጨዋ ልጅ ነው።"

የትኛው ልጅ እንደሆነ ለማየት ዙሪያዬን ቃኘሁ። አባባ ጥርሳቸው ግማሹ የለም።

"ረቡዕና ዓርብን ዘልሎ አያውቅም" ቀጠሉ መሪጌታ።

እንዲህ እያሉ ካሞገሷቸውማ ገዳሙ መቼ ይለቃቸዋል? ወደ ሴትዮዋ ጆሮ ተጠጋሁ። "ውሸት ነው" አልኩ። "ባለፈው ዓርብ እዚያ የቆሙት ጋሼ ጌታሁን ቤት ጥብስ በልተው 'ሐሙስ መስሎኝ' አሉ። በሳምንቱም ሐሙስ መሰላቸው።"

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?" አሉ በሹክሹክታ።

"የአባባ እንግዳው የልጅ ልጅ።"

እሳቸውም ይበልጥ ተጠጉኝ።

"መጠጥ በአፉ አይዞርም" አሉ መሪጌታ።

"ጠላ ቤት ከሄዱ ዘፈናቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው ቤት የሚደርሰው።"

"ዝምተኛ ነው። ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው።"

"ተኝተው ራሱ ያወራሉ። ነቅተው ሰው ካጡ ደግሞ ከራዲዮው ጋር ይጨቃጨቃሉ።"

ይህ ስለ ራዲዮው የተናገርኩት እኔን ያስቀኝ ነበር። የሽምግልናውን ነገር የጀመረው ያ ጭቅጭቅ እንደሆነ እማዬ የነገረችኝ ኋላ ነው። አንድ ማታ ዜና አንባቢውን "አንተ ደግሞ፣ እስቲ ቆይ፣ እኔም ልናገር" ሲሉት ሰምታ እንቅልፏን ያጣችው፣ በማግስቱም "አባቴ፣ ሰው ያስፈልግዎታል" ያለቻቸው እሷ ናት።

መሪጌታ ግን መጨረሻቸውን አሳመሩ። "በአጭሩ እንግዳው ሳቅና ጨዋታ የማያውቅ፣ አንገቱን የደፋ፣ ቤቱን እንደ ቤተ ክርስቲያን ጸጥ አድርጎ የሚኖር ሰው ነው።"

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ከክምሩ ላይ አነሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። "እንግዲያው ያ እንግዳው ሞቷል" አሉ፤ ለእኔ አልነበረም። ለመነሳት ጉልበታቸውን ያዙ።

ይህን ንግግር የተረዳሁት አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። ባላቸው ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ ይላሉ፤ ነገር ግን በቤታቸው ውስጥ ሳቅ ነውር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አፋቸውን በነጠላ እየሸፈኑ ኖሩ። የእንግዳው ስም ሲነሳ በወጣትነታቸው መጋዘኑ በር ላይ ሚዛኑ ላይ ራሱን እየመዘነ "ዛሬ ደግሞ አንድ ጆንያ ፍቅር ጨምሬያለሁ" የሚለውን ጎረምሳ ነበር ያሰቡት። ሽማግሌዎቹ የሚያመጡላቸው ሌላ ጸጥ ያለ ቤት ከሆነማ አንዱ ይበቃቸዋል። ለልጃቸው ለእንድሪያስ "መርቀህ ሸኛቸው" ሊሉት ነበር የተነሱት።

እኔ ግን ቀሚሳቸውን ያዝኩ። የአባባ ነገር አብቅቶለታል፣ ይህቺ መነኩሴ ልትቀበል ልትሄድ ነው ብዬ ነው።

"ኧረ ይስቃሉ!" አልኩ። "ቅዳሴ ላይ ስቀው ከቤተ ክርስቲያን ተባርረዋል!"

ቆሙ። "ማን? እንግዳው?"

"አዎ! ዲያቆኑ አስነጥሶት ሻማው ጠፍቶ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ አልሳቅኩም፤ እሳቸው ናቸው የሳቁ።"

ሴትዮዋ ቀስ ብለው ተመልሰው ቁጢጥ አሉ። "ይጨፍራል?"

"እስክስታ። መስታወት ፊት። እማዬ ገበያ ስትሄድ።"

"ማርያምን በይ።"

"ማርያምን! ትከሻቸው ብቻውን ነው የሚሄድ!"

ያን ጊዜ ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጫፍ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ደረታቸው ይንጣቸው ጀመር። የእንጨቱ ክምር አብሮ ተንቀጠቀጠና አንድ ፍልጥ ተንከባለለ። ግቢው መሃል ባለባርኔጣው ሽማግሌ "ድመት ናት" አሉ።

ሴትዮዋ ነጠላውን ከአፋቸው አውጥተው እስኪተነፍሱ ጠበቅኋቸው።

"ለምንድር ነው ይህን ሁሉ የምትነግሪኝ ልጄ?"

"እንዳትቀበሏቸው ነዋ! አባባ ለምንኩስና አይሆኑም። ገዳሙን ይረብሹባችኋል።"

"ምንኩስና?" አሉ። መላ ፊቴን በዓይናቸው አዳረሱት። አንድ ሊናገሩት የፈለጉትን ነገር ሲውጡት አየሁ። ከዚያ በጣም ኮስተር አሉ። "ልክ ነሽ። እኔም ለምንኩስና የሚሆኑ አልመሰለኝም።"

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንድሪያስ ሰምቶ ዞር አለና ወደ ክምሩ መጣ። እኔን ሲያይ አፉን ከፈተ፤ እናቱ ግን ጎንበስ አድርገው ጆሮው ላይ የሆነ ነገር አሉት። ከተናገሩት ይልቅ ከንፈራቸው ላይ የቀረውን ሳቅ አይቶ ነው የደነገጠው። እናቱ ሲስቁ ያየበትን ጊዜ ማስታወስ እንዳቃተው፣ ለዚያም ሲል እምቢ ማለት እንደተሳነው፣ ራሱ እንድሪያስ ነው ከዓመታት በኋላ የነገረኝ። ተመልሶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ፤ ጥቂት አንገራገረና በርጩማዎቹን አስጠጋ።

"እንግዲህ አባቶች፣ ቆማችሁ አትቀሩም። ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ። የመሪጌታማ ጉልበት ሲንቋቋ እኛ ድረስ ተሰማ።

እኔ ፍርስርስ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ጉድ ዘርግፌ፣ አባባን አዋርጄ፣ ማርያምን ምዬ፣ ይኸው ተቀመጡ! ሴትዮዋ ፊቴን በመዳፋቸው ያዙት። እጃቸው የሎሚ ሽታ ነበረው።

"ስሚኝ" አሉ። "አያትሽ አይመነኩሱም። እኔ አለሁ አይደል? እኔ እያለሁ ማን ያመነኩሳቸዋል?"

"ይማሉ።"

"ማርያምን። ግን እስከ ፋሲካ ሥራው ያንቺ ነው። ሌላ ቦታ ሄደው እንዳይመነኩሱብኝ ጠብቂልኝ።"

ደህና መነኩሴ ናቸው አልኩ በልቤ። እንባዬን ጠርጌ ዳገቱን ወረድኩ፤ ተቀምጠዋልና ሮጥኩ። አባባ ከሩቅ ስሮጥ አይተው ተነሱ፤ ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ፈቱ፤ መልሰው ተቀመጡ።

"ተቀምጠዋል!" አልኩ። ወዲያው ደግሞ አዘንኩላቸውና "ግን አይዞዎት አባባ፣ አይመነኩሱም!" ብዬ ጨመርኩ።

"ምን አልሽ?"

"አይመነኩሱም። እኚያ መነኩሴ ምለውልኛል። ከእንጨት ክምሩ ኋላ ተደብቀው የነበሩት። እጃቸው ሎሚ ሎሚ የሚል።"

አባባ ሊስቁ የጀመሩት ሳቅ መንገድ ላይ ቀረ። "ምን አለች?"

"እስክስታ እንደሚወርዱ ነገርኳቸውና ሳቁ።"

"ሳቀች?"

"ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው። ክምሩ ሊናድ ነበር።"

አባባ ምሰሶውን ተደግፈው ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ሽማግሌዎቹ እየተሳሳቁ እስኪወርዱ ድረስ ፊታቸውን አልመለሱም። መሪጌታ ገና ከሩቅ "የተናገርኩት ሁሉ ገባላቸው! ጾሙ ነው የረታቸው!" እያሉ ይመጡ ነበር። አባባም "እንዴታ የኔታ፣ ጾሙ ነው" አሉ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ እየጎተቱ። በመመለሻው ጀልባ ላይ ወሬያቸው ተመለሰ፤ ቁንዝላ ስንደርስ ጀልባ ነጂው ራሱ "ኧረ እኚህን ሰው ዝም አሰኙልኝ" አለ።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም የበዛብኝን ያህል ሥራ በዝቶብኝ አያውቅም። አባባ ለወጉ ያህል ጨዋ ለመሆን ቆርጠው ስለነበር በየቀኑ ቅዳሴ ይሄዳሉ፤ እኔም እከተላለሁ። ከቄስ ጋር ለብቻቸው ሲነጋገሩ ካየሁ መሃላቸው እገባለሁ። አንድ ቀን ዓርብን በትክክል ዓርብ መሆኑን አውቀው ሲጾሙ ሳይ በጣም ተጨነቅኩና ጋሼ ጌታሁን ቤት ሄጄ ጥብስ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ባለቤታቸው በእንጨት ማማሰያ አባረሩኝ።

ፋሲካ አለፈ። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ የጋሼ ጌታሁን ፒካፕ በራችን ላይ ቆመ። እማዬ ከሌሊት ጀምሮ ስታጸዳ ነበር። እንድሪያስ ከኋላ የእንጨት ሣጥን አወረደ። ከፊት እኚያ መነኩሴ ወረዱ፤ ሻሹ የለም፤ ሹሩባ ተሠርተው አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰዋል። አመነኩሰው መልሰው ያባረሯቸው መሰለኝና አዘንኩላቸው።

"እርስዎንም አልተቀበሉዎትም?" አልኳቸው።

"እኔንም አልተቀበሉኝ" አሉና ሳሙኝ።

"እኔ ጠብቄያለሁ። ይኸው፤ አልመነኮሱም።"

ስማቸው እማማ ወለተጊዮርጊስ ነበር፤ ያን ቀን ነጠላቸውን አልፈለጉም። ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ፣ መንገደኛው ቆሞ እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ በኋላ አባባ እስኪያርፉ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ቤታችን ውስጥ ያን ሳቅ ያልሰማሁበት ቀን ቢኖር ጥቂት ነው፤ ዛሬም ቡሬ ሆኜ ስደውልላቸው ከ"ሃሎ" በፊት የሚመጣው እሱ ነው።

አባባ ከቤት ወጥተው በረንዳው ላይ ቆመው ነበር። ተላጭተዋል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከጥዋት ጀምሮ ለእሳቸው ሊናገሩ ያዘጋጁትን ነገር መስታወቱ ፊት ሲለማመዱ ሰምቻቸዋለሁ፤ ረጅም ነበር፤ ግጥምም ነበረው። አሁን አፋቸውን ከፈቱ፤ ምንም አልወጣም። እንባቸው አዲሱ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ምንኩስና የቀረለት ሰው እንዲህ አያለቅስም። ያን ጊዜ ነገሩ ምን እንደሆነ ባላውቀውም፣ አባባን እኔ እንዳላዳንኳቸው ገባኝ።

ከብዙ ትግል በኋላ አንዲት ቃል ወጣቻቸው። "ቆየሽ" አሉ።

እማማ ወለተጊዮርጊስ ሣጥኑን አልፈው ወደ በረንዳው ወጡ። በኪሳቸው መሃረብ ነበር፤ የሸሚዙን ደረት ጠረጉላቸው።

"አንተ ነህ የቆየኸው" አሉ። "እኔማ እዚያው ነበርኩ።"